ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ የሚታደጉ የአቧራ መምጠጫ መኪናዎች

ቴምብር የሚሰበስብ፣ የጥንት ሳንቲም የሚያከማች ሰው በየአገሩ አይጠፋም። በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ደግሞ ቅዳሜ ማለዳ ተነሥተው ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥባቸው ሱቆች የሚገሰግሱ፣ ከወንበሩና ከብርድ ልብሱ ክምር ሥር አሮጌ የአቧራ መምጠጫ መኪና ያዩ እንደሆነ ልባቸው በደስታ የሚመታ ሰዎች አሉ። ሰብሳቢዎቹ በ1980ዎቹ በአሜሪካ የራሳቸውን ክበብ እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። ውድ አንባቢያን «ይህስ ምን ይሉት ፍቅር ነው?» ብትሉ አይፈረድባችሁም።

መኪናው በእንግሊዝኛ ስሙ «ቫኪዩም ክሊነር» ይባላል። አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ሞተሩ ማራገቢያውን በከፍተኛ ፍጥነት ሲያሽከረክር አየር ይስባል፤ አየሩም የምንጣፉን አቧራ ይዞ ይገባና በከረጢት ውስጥ ያልፋል፤ ከረጢቱ አየሩን አሳልፎ አቧራውን ያስቀራል። ይህን ሐሳብ በእንግሊዝ አገር በሥራ ላይ ያዋለው መሐንዲሱ ሁበርት ሴሲል ቡዝ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1901 ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቡዝ አቧራን እፍ ብሎ የሚበትን መሣሪያ ተመልክቶ «መበተኑ ቀርቶ ቢሳብስ?» ሲል አሰበ። ከዚያም በአንድ ምግብ ቤት ወንበር ላይ መሐረቡን ዘርግቶ በአፉ አየር ቢስብ ትን አለው፤ መሐረቡን ሲገለብጠው ግን አቧራው ከሥሩ ተለጥፎ ተገኘ።

የቡዝ መኪና በቤት ውስጥ የሚቀመጥ አልነበረም። በፈረስ እየተጎተተ ከደጅ ይቆምና ረጃጅም ቱቦዎች በመስኮት ወደ ውስጥ ይዘረጉ ነበር። በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ምንጣፎች የጸዱት በዚሁ መኪና ነው። ለሰፈር ኑሮ ቅርብ የሆነው ታሪክ ግን ሌላ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የለንደኑ ክሪስታል ፓላስ የባሕር ኃይል ማሠልጠኛ ሰፈር ሆኖ ሳለ በሽታ ቢገባበት፣ የቡዝ መኪናዎች ተጠርተው ሃያ ስድስት ቶን ያህል አቧራ እንዳወጡ ይነገራል። የሰፈር ጽዳት ተረኛ የሆነ ሁሉ ይህን ቁጥር ልብ ብሎ ያንብበው።

በእጅ የሚገፋውን መኪና የሠራው ግን መሐንዲስ ሳይሆን የጽዳት ሠራተኛ ነው። ጄምስ መሪ ስፓንግለር በኦሃዮ ግዛት በካንተን ከተማ በአንድ ትልቅ መደብር ወለል ይጠርግ ነበር፤ ዕድሜው ወደ ስድሳ ተጠግቶ ነበር፤ አስም ስለነበረበትም ከምንጣፉ የሚነሣው አቧራ ያሠቃየው ነበር። መላ ቢፈልግ የማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እጀታና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ አቧራውን የሚስብ መሣሪያ አበጀ። በ1908 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ገንዘብ ግን አልነበረውም። መብቱን የገዛው ዊልያም ሁቨር ኮርቻና ልጓም የሚያሠራ የቆዳ ነጋዴ ሲሆን፣ አውቶሞቢል እየበዛ ፈረስ ሲቀንስ ለፋብሪካው ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበር። የሁቨር ስም ከዚያ ወዲያ እጅግ ከመግነኑ የተነሣ እንግሊዞች ቤት መጥረግን ዛሬም «ሁቨር ማድረግ» ይሉታል። ስፓንግለር በ1915 ዐረፈ፤ ስሙን የሚያስታውሱት በአብዛኛው እነዚሁ ሰብሳቢዎች ናቸው።

ሰብሳቢዎቹ ከሚመኟቸው መካከል ጥቂቱን እንጥቀስ። በ1926 የወጣው ሁቨር 700 ከሥሩ ምንጣፉን እየመታ አሸዋ የሚያራግፍ ተሽከርካሪ ዘንግ የያዘ የመጀመሪያው ነው። በ1936 የወጣውን ሁቨር 150 መልክ ያወጣለት ዝነኛው ነዳፊ ሄንሪ ድራይፈስ ነው። የ1937ቱ ኤሌክትሮሉክስ 30 እንደ ባቡር ሾጣጣ ሆኖ በወለል ላይ የሚንሸራተት ሲሆን፣ በኒውዮርክ ብሩክሊን ሙዚየም ከኪነ ጥበብ ሥራዎች ጋር ተቀምጧል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የመጣው ሁቨር ኮንስተሌሽን እንደ ኳስ ክብ ነው፤ የሚያስወጣው አየር ራሱን ከወለል በጥቂቱ ያነሣዋል። ልጆች ቢያዩት ከእጃቸው አይወጣም ነበር። ከ1942 እስከ 1945 በአሜሪካ የተሠራ መኪና ግን የሚፈልግ ሰው ይደክማል፤ ፋብሪካዎቹ ለጦርነቱ ሥራ ተመድበው ስለነበር ቤተሰብ ሁሉ አሮጌውን እየጠገነ ቆየ።

እዚህ ላይ ለወይዘሮዎች የሚሆን አንድ ጉዳይ አለ። መኪናው ሲሸጥ የእመቤቲቱን ድካም ያቃልላል ተብሎ ነበር። አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ሩት ሽዋርትዝ ካዋን በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልነበረ አሳይተዋል። ቀድሞ ምንጣፍ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ወደ ደጅ ይወጣና ባልም ልጅም ተቀጣሪም በዱላ ይመቱት ነበር። መኪናው ከመጣ በኋላ ያ የጋራ ሥራ የእናት ብቻ ሆነ፤ የንጽሕና ልኩም ከፍ ስላለ በየሳምንቱ መደገም ነበረበት። ጉልበቱ ቀነሰ፤ ሰዓቱ ግን እንደታሰበው አልቀነሰም። በእኔ አስተያየት እጀታውን አባወራውም መግፋት ይችላል፤ ክብደቱ ከጠመንጃ ብዙም አይርቅምና።

ወደ ሱቆቹ እንመለስ። ከታወቁት አንዱ «ጉድዊል» ነው፤ በ1902 በቦስተን ኤድጋር ሄልምስ የተባሉ ቄስ የጀመሩት ሲሆን ሰዎች የማይፈልጉትን ዕቃ ይለግሳሉ፣ ከሽያጩም ሥራ ያጡ ይረዳሉ። ሌላው የ«ሳልቬሽን አርሚ» ነው፤ ስሙ ሠራዊት ቢሆንም ጠመንጃ የሌለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ከሟች ቤት የወጣ፣ አዲስ በመገዛቱ የተጣለ መኪና ሁሉ እዚያ ይመጣል። ሳይሸጥ የከረመው ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል። ሰብሳቢው የሚሽቀዳደመው ከዚህ ጋር ነው።

የገባው ሰብሳቢ ዕቃውን ወዲያው ኤሌክትሪክ ላይ አይሰካም። አስቀድሞ ገመዱን በጣቱ ያጥፋል፤ የዱሮ ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ ሕይወት ያጠፋል። ቀጥሎ ማራገቢያውን ሞተሩ ሳይነሣ በእጁ ያዞረዋል። ቀጥ ብለው በሚቆሙት የሁቨር መኪናዎች አቧራው ወደ ከረጢቱ ከመድረሱ በፊት በማራገቢያው መካከል ስለሚያልፍ፣ የተሳበ ሳንቲም ወይም ምስማር ክንፉን ይሰብረዋል። በወለል በሚጎተቱት ግን ከረጢቱ ስለሚቀድም ማራገቢያው ይድናል። ከዚያ ቺንጋው መላላቱን፣ የሞተሩ ካርቦን ማለቁን፣ ኩሽኔታው መጮሁን ያያል። ከእነዚህ አብዛኛው በካቻቢቴና በጥቂት ትዕግሥት የሚታደስ ነው፤ መሣሪያውን ፈትቶ፣ ወልውሎ፣ መልሶ መግጠም የለመደ ወታደር ይህን ደስታ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ዛሬ ከሚወጡት ብዙዎቹ ፕላስቲካቸው አንዴ ተጋጥሞ የማይከፈት ስለሆነ፣ የሰብሳቢዎቹ ፍቅር ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ከአሜሪካ ዘመድ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚልክላችሁ ካላችሁ አንድ ነገር አትርሱ። የዚያ አገር መኪና የተሠራው ለ120 ቮልት ያህል ነው፤ የእኛ ግድግዳ ግን 220 ይሰጣል። ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ሞተሩ በቅጽበት ይቃጠላል።

የከረጢቱን አሮጌ አቧራ ማራገፍም ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ልጆችን አርቆ ነው። አካሉ በእርጥብ ጨርቅ ይታበሳል፤ ክሮሙ ይወለወላል። የጎደለው ክፍል ከተሠራ ብዙ ዘመን ሆኖታልና በሱቅ አይገኝም፤ ስለዚህ ሰብሳቢዎቹ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ብልሽቶችን ገዝተው ከሁለቱ አንድ የሚሠራ ያወጣሉ። የተረፈው ሞተርና እጀታ በመደርደሪያ ላይ ተሰይሞ ሦስተኛው እስኪገኝ ይጠብቃል።