ትዝታ የሚጠራ ፊልም

አንድ አዛውንት ቁርስ መብላታቸውን ረስተው ደግመው ሲጠይቁ «ጃጁ» እንላለን። ከዚያ ወዲያ ቁም ነገር የሚያወራቸው ይጠፋል፤ ለእኔ ከበሽታው የማይተናነሰው ጉዳት ይሄ ነው።

የመርሳት በሽታ፣ በተለይ አልዛይመር፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያጠቃው አዲስ ነገር የሚይዘውን የአንጎል ክፍል ነው። የድሮው፣ ይልቁንም ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ የተኖረው፣ ቶሎ አይለቅም። የትዝታ ሕክምና የሚሉት ዘዴ ያንን ይዞ ይነሳል። የጥንት ፎቶ፣ ዘፈን ወይም ፊልም አቅርቦ ሰውየውን ማስወራት ነው። ፈውስ ግን አይደለም፤ በ2010 ዓ.ም. የታተመ፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ተቋም ያወጣው ግምገማ 22 ጥናቶችን አይቶ ጥቅሙ ትንሽ፣ እንደ አሠራሩም የሚለያይ መሆኑን ጽፏል።

ቁም ነገሩ የፊልሙ ምርጫ ላይ ነው። ዛሬ 80 ዓመት ግድም የሆናቸው ሰው በ1957 ዓ.ም. የ20 ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። በዚያ ዓመት ጥቅምት አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ የማራቶን ድሉን ደገመ፤ ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ ስለ ኦሊምፒኩ በሠራው ዘጋቢ ፊልም የአበበ ሩጫ ሰፊ ቦታ አለው። «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተሰኘው የመጀመሪያው የአገራችን ረጅም ፊልምም የዚያው ዘመን ነው።

ዕድሜውን ጣና ላይ የገፋ ሰው ግን ሲኒማ ቤት ረግጦ ላያውቅ ይችላል። ለእሱ በስልክ የተቀረጸ ታንኳ ይበልጣል፦ ደረቅ ደንገል በእቅፍ በእቅፍ ሲታሰር፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ሲቀለበስ፣ ከዘጌ ማገዶ ጭና ስትመጣ፣ ማታ ከውሃ ወጥታ እንድትደርቅ ስትቆም። አፉ ዝም ቢል እንኳ እጁ አየር ላይ ማሰር ሊጀምር ይችላል። ያኔ ፊልሙን ማቆም ነው፤ ሥራው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

አስር ደቂቃ ይበቃል። የጦርነትና የቀይ ሽብር ዘመን ምስል ይቅር፤ ያ ትውልድ ቁስሉን እንደያዘ ነው። «ይሄ ማነው? ታስታውሳለህ?» ብሎ መጠየቅም ፈተና ይሆንበታል። «አያ፣ ያኔ ደንገሉን የምታጭዱት ከወዴት ነበር?» ብሎ መጠበቅ ይሻላል፤ መልሱ ቢዘገይም።