የእንግዳ ተማሪ የመጀመሪያ ቀን በባሕር ዳር

ከባዕድ ሀገር ለትምህርት የመጣ ወጣት ከተማይቱን በእግሩ ለመጐብኘት ሲወጣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሰዓቱን ማስተካከል ይገባዋል፤ በሀገሩ አቈጣጠር ከጧቱ 7 ሰዓት የሚባለው በእኛ ዘንድ 1 ሰዓት ነውና፣ ይህን ያልተረዳ እንግዳ ቀጠሮው ሁሉ ይፋለስበታል።

ባሕር ዳር የትምህርት ከተማ መሆን የጀመረችው በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ሲመሠረትባት ሲሆን፣ ይህም ተቋም በኋላ ከተከፈተው የመምህራን አካዳሚ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እኔ ግን እንግዳው ከሕንጻዎቹ ይልቅ በዘንባባው ጐዳና አልፎ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን ተሳልሞ፣ በጣና ዳርቻ ብዙ እንዲቈይ እመክረዋለሁ። በዚያ ደንገሉ በነዶ በነዶ ታስሮ ታንኳ ሲሆን፣ ውሃ ጠጥቶ የከበደውም እንዲደርቅ ለፀሐይ ሲቆም በዓይኑ ይመለከታል፤ የወይጦ ማኅበረሰብ ከአበው የወረሰው ይህ ጥበብ ሞተረኛ ጀልባ በበዛበት ዘመን እንዳይጠፋ አጥብቄ እመኛለሁ።

ምሳውን ቆሮሶ ወይም አምባዛ በልቶ፣ ቀኑ ከፈቀደለት በጀልባ ወደ ዘጌ ይሻገርና፣ በቡናው ጫካ መካከል ወጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይግባ፤ የመቅደሱን ግድግዳ የከበበው ሥዕል፣ የቅዱሳኑን ገድልና የሰማዕታቱን መከራ ማንበብ ለማይችለውም ጭምር ይተርካል። 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን ጢስ ዓባይን ግን ለሌላ ቀን ያቈየው፤ ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ፣ ፏፏቴው በግርማ የሚታየው በክረምትና በመስከረም ነው።