ዙባራና «የጭስ ተራራ»፦ ከዶሃ ወጥቶ በአንድ ቀን የሚታይ ታሪክ

በዶሃ የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የዕረፍት ቀናችንን በአብዛኛው የምናሳልፈው በባሕሩ ዳርቻ ወይም በገበያ አዳራሾች ውስጥ ነው። ከከተማው ወጥቶ የሚታይ ነገር የለም የሚባለው ግን ትክክል አይደለም። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ የሚቻልበት፣ ይልቁንም እኛን በቀጥታ የሚመለከት ታሪክ ያለበት ጉዞ አለ፤ ይኸውም ወደ ጥንታዊቱ የዙባራ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ዱኻን የሚደረገው ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዙባራ ከዶሃ በስተ ሰሜን ምዕራብ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ ይገኛል። በቅድሚያ ዓይን ውስጥ የሚገባው አራት ማዕዘን ምሽግ ነው። ብዙው ጎብኚ እዚያ ፎቶግራፍ ተነሥቶ «ዙባራን አየሁ» እያለ ይመለሳል። ምሽጉ ግን የተሠራው በ1938 ለጠረፍ ጠባቂዎች ነው፤ ከከተማው ዕድሜ ጋር ሲተያይ የትናንት ሥራ ነው። እውነተኛው ከተማ ወደ ባሕሩ ወረድ ብሎ አሸዋ ለብሶ ተኝቷል።

ከተማውን በ18ኛው ምዕተ ዓመት የቆረቆሩት ከኩዌት የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። በሉል ንግድ ከበረ፤ በ1811 በጦርነት ተደመሰሰ፤ ከዚያ በኋላ ከፊሉ ብቻ እንደገና ተሰፈረበት፤ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ጨርሶ ተለቀቀ። በረሃው ያመጣው አሸዋ ቤቶቹን፣ መስጊዶቹንና መንገዶቹን ሸፍኖ ስላቆያቸው ዩኔስኮ በ2013 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እስካሁን ተቆፍሮ የታየው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ፍርስራሹ መሐል የቆመ ሰው «እነዚህ ሰዎች ውሃ ከየት ይጠጡ ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በከተማው ውስጥ የሚጠጣ ውሃ አልነበረም። ጉድጓዶቹ ከከተማው ወደ የብስ ገባ ብሎ ሙራይር በሚባለው ምሽግ ነበሩ። ከቤቶቹ መካከል ወለላቸው በትናንሽ ቦዮች የተሸነተረ ክፍሎችም ይታያሉ። በቦዮቹ ላይ ቴምር በጆንያ ተከምሮ በራሱ ክብደት ሲጨመቅ ማሩ እየተንጠባጠበ ወደ ማሰሮ ይወርድ ነበር። እንግዲህ ውሃ የሌለው፣ እርሻ የሌለው ከተማ ሊከብር የቻለው በምን ኃይል ነው? መልሱ በጠላቂው ሳንባ ነው።

ሉል የሚለቀመው በበጋው ሐሩር ለአራት ወር ያህል ነበር። ጠላቂው አፍንጫውን በቆንጣጭ ይዘጋል፤ እግሩን ከድንጋይ ጋር በታሰረ ገመድ ያስገባና ወደ ታች ይወርዳል፤ አንድ ደቂቃ ያህል ዛጎሉን በቅርጫት ለቅሞ ገመዱን ሲነቀንቅ ከላይ ያለው ጓደኛው ይጎትተዋል። ይህንንም በቀን በብዙ አሥር ጊዜ ይደጋግመዋል። ነገሩን በሕክምና ዓይን ስናየው፣ በአሥር ሜትር ጥልቀት ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ በሳንባ ውስጥ ያለው አየር በግማሽ ይጨመቃል፤ የጆሮ ታምቡር ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ይቀደዳልም። ከዚህ የከፋው አደጋ ግን በመውጫው ላይ ነው። ጥልቀት ላይ እያለ ግፊቱ ኦክሲጅኑን ወደ ደም ስለሚገፋው ጠላቂው ደኅና የሆነ ይመስለዋል። ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ በድንገት ስለሚቀንስ የቀረችው ኦክሲጅን አንጎሉን ማንቃት ይሳናታል፤ ብርሃኑን እያየ፣ ከውሃው ገጽ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ራሱን ይስታል። ሕይወቱ በገመድ ጎታቹ እጅ ነበር ማለት ነው።

ነፃ የሆነውም ጠላቂ ነፃነቱ የይስሙላ ነበር። ከወቅቱ በፊት ከመርከቡ አለቃ፣ ከናኹዳው፣ ለቤተሰቡ ቀለብ ይበደራል፤ ወቅቱ ሲያልቅ ድርሻው ዕዳውን አይሸፍንም፤ ስለዚህ ለመጪው ዓመትም ታስሮ ይቀራል። ባርያው ጠላቂ ደግሞ ድርሻውን እንዳለ የሚወስድበት ጌታው ነው። በባሕረ ሰላጤው በባርነት ከሠሩት ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ነበሩ፤ ከታጁራና ከምፅዋ ወደብ ወደ ዐረብ አገር የተሻገሩ የሀገራችን ልጆችም ነበሩባቸው። ይህን ስናነሣ ጣታችንን በዐረቡ ነጋዴ ላይ ብቻ መቀሰር አይገባንም። እስከ ወደቡ ድረስ የነዷቸውና የሸጧቸው የእኛው መሳፍንትና ነጋዴዎች ናቸው፤ ባርነት በሀገራችን በዐዋጅ ሙሉ በሙሉ የተሻረውም በ1942 ነው።

ከዙባራ ወደ ደቡብ ተመልሶ በምዕራቡ ጠረፍ ወደ ዱኻን መሄድ ይቻላል። «ዱኻን» በዐረብኛ ጭስ ማለት ስለሆነ፣ ጀበል ዱኻንን በካርታ ላይ ያየ ሰው እሳተ ገሞራ ይጠብቅ ይሆናል። የኤርታ አሌ አገር ሰው ግን ሲያየው ሳይስቅ አይቀርም፤ መቶ ሜትር እንኳ የማይሞላ የኖራ ድንጋይ ሸንተረር ነው። በቀጠር ምድር እሳተ ገሞራ የለም። ሆኖም የምድሩ ድርብርብ ንጣፍ እዚህ ላይ እንደ ቅስት ወደ ላይ ጎብጧል። ዘይቱ ቀዳዳ በበዛበት የኖራ ድንጋይ ውስጥ ወደ ቅስቱ ጫፍ ተሰብስቧል፤ በላዩ ያለው የማያሳልፍ ንጣፍ ደግሞ እንደ እንስራ መክደኛ ይዞታል።

የመጀመሪያው ጉድጓድ መቆፈር የጀመረው በ1938፣ ማለትም የዙባራ ምሽግ በተሠራበት ዓመት ነው። ጊዜው ክፉ ነበር። የጃፓን ሰው ሠራሽ ሉል ገበያውን ሞልቶት፣ የ1929ኙም የኢኮኖሚ ውድቀት ተጨምሮበት የባሕረ ሰላጤው ሕዝብ ተርቦ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ከተቆፈረ በኋላ ዘይት ተገኘ፤ ነገር ግን በዓለም ጦርነቱ ምክንያት ሥራው ቆሞ የመጀመሪያው ጭነት ወደ ውጭ የወጣው በ1949 መጨረሻ ነው። የምርቱ ዓይነት ሲለወጥ የባለቤትነቱ ግንኙነት ወዲያው አልተለወጠም። በዘይት ኩባንያው ከተቀጠሩት መካከል ባሮች ነበሩባቸው፤ ከደመወዛቸው የሚበዛውን ጌቶቻቸው ይወስዱ ነበር። በቀጠር ባርነት በሕግ የተሻረው በ1952 ሲሆን፣ ካሳ የተከፈለው ለባሮቹ ሳይሆን ለጌቶቹ ነው።

ጉዞው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ በቀረው ጊዜ ፀሐዩ አያስጠጋም። አራት ሆኖ መኪና መከራየት ወጪውን ያቀላል። በዙባራ ጥላ የሚባል ነገር ስለሌለ ውሃና ባርኔጣ ይያዝ፤ ከተከለለው መንገድ ወጥቶ ግድግዳ ላይ መውጣትም አይፈቀድም። ከመሄዳችሁ በፊት ግማሽ ቀን ካገኛችሁ በዶሃ መሐል ምሸይሪብ ወዳሉት ሙዚየሞች ጎራ በሉ። የቢን ጀልሙድ ቤት የባርነቱን ታሪክ ሳይሸፋፍን ያሳያል፤ የኩባንያው ቤት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን የዘይት ሠራተኞች ታሪክ ይተርካል። ሁለቱ ቤቶች በእግር የሚደረስባቸው ጎረቤታሞች ናቸው።