ኮድ አንባቢው ማሽን

የሶፍትዌር የደኅንነት ክፍተት ማለት በፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ ሳይታወቅ የቀረና ሰርጎ ገብ ያልተፈቀደለትን እንዲፈጽም መንገድ የሚከፍት ስሕተት ነው። ይህን ስሕተት ከአጥቂው ቀድሞ ለማግኘት ባለሙያዎች ለዓመታት ሲገለገሉበት የኖሩት አንዱ ዋነኛ ዘዴ፣ ባርተን ሚለር እ.ኤ.አ. በ1988 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎቻቸው ጋር የጀመሩት «ፈዚንግ» ሲሆን፣ እርሱም ለፕሮግራሙ የተዘበራረቀ ግብዓት በብዛት እየሰጡ የሚወድቅበትን ቦታ መፈለግ ነው። ፈዚንግ ፈጣን ቢሆንም ኮዱ ለምን እንደ ተጻፈ ስለማይረዳ፣ ብዙ ሁኔታዎች ካልተገጣጠሙ በቀር የማይገለጥ ስሕተት ያመልጠዋል።

በብዙ ጽሑፍና ኮድ የሠለጠኑት ግዙፍ የቋንቋ ሞዴሎች ይህን ጉድለት መሙላት ጀምረዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2024 ያስተዋወቀው «ቢግ ስሊፕ» በቅርቡ የተለወጠ ኮድ አንብቦ ስሕተት ሊኖርበት የሚችለውን ቦታ ይገምታል፤ ግምቱን የሚፈትን ግብዓት አዘጋጅቶ ፕሮግራሙን ያስኬዳል፤ ውጤቱን አይቶም ግምቱን ያርማል። በአብዛኞቹ ዘመናዊ ስልኮች ውስጥ በሚገኘው ኤስኪውላይት በተባለው የመረጃ ቋት ሶፍትዌር አንድ ስሕተት ያገኘው በዚህ መንገድ ነበር። ኮዱ የሠንጠረዥ ዓምዶችን በቁጥር ሲለይ −1ን ለአንድ ልዩ ዓምድ ምልክት አድርጎ ይጠቀም ነበር፤ አንዱ ክፍል ግን ይህን ሳያገናዝብ ምልክቱን እንደ ተራ የቦታ ቁጥር ስለ ወሰደው፣ ከተመደበለት የማኅደረ ትውስታ መነሻ በፊት ባለ ቦታ ላይ ይጽፍ ነበር። ተመራማሪዎቹ ያንኑ ስሕተት በፈዚንግ ለማግኘት 150 የፕሮሰሰር ሰዓት ቢያውሉም አልተሳካላቸውም፤ የሶፍትዌሩ አዘጋጆች ግን ጥቆማው በደረሳቸው ዕለት፣ ስሕተቱ በይፋዊ እትም ከመውጣቱ በፊት አረሙት።

እንዲህ ያለ ፈጣን ምላሽ ከሁሉም ዘንድ አይጠበቅም፤ ስለዚህም ከግኝቱ ይልቅ ትልቁ ጥያቄ ጥገናው ነው። ብዙ ሶፍትዌር የተመሠረተባቸውን ነጻ ኮዶች የሚንከባከቡት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከርል የተባለው የመረጃ ማስተላለፊያ ሶፍትዌር መሪ ዳንኤል ስቴንበርግ፣ በሞዴሎች የተዘጋጁ፣ እውነት የሚመስሉ ነገር ግን ባዶ ጥቆማዎች የእነዚህን ሰዎች ጊዜ እንደሚያባክኑ በይፋ አማርረዋል። በዚህ ረገድ ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ የመከላከያ ምርምር ተቋም ያካሄደው ውድድር፣ ክፍተት ከማግኘት ባሻገር የጥገና ኮድ መጻፍን በመጠየቁ ትክክለኛውን መስፈርት አስቀምጧል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 በላስ ቬጋስ ሲገለጽ፣ የ7ቱ ቡድኖች ሥርዓቶች ሆን ተብለው ከተተከሉት ክፍተቶች 54ቱን አግኝተው 43ቱን ጠግነዋል፤ ከዚህም በላይ ማንም ያልተከላቸው 18 እውነተኛ ክፍተቶች አግኝተዋል።

ጥገናው በይፋ ከወጣ በኋላም አደጋው አያበቃም፤ አሮጌውንና አዲሱን ኮድ አነጻጽሮ የተደፈነው ቀዳዳ የት እንደ ነበር መለየት ለሞዴሎች እየቀለለ ስለ መጣ፣ አጥቂው ማሻሻያውን ገና ያልጫኑ መሣሪያዎችን፣ በተለይም አምራቾቻቸው ማሻሻያ መላክ ያቆሙላቸውን አሮጌ ስልኮች፣ ለማጥቃት የሚፈጅበት ጊዜ እያጠረ ይሄዳል።