አጋም የተጠጋው ቁልቋል

የካውቦይ ፊልም የሚወድ ሰው ሳጉዋሮን ያውቀዋል፤ በአሪዞና በረሃ ክንዶቹን ወደ ሰማይ አንስቶ የሚቆመው ግዙፍ ካክተስ ነው። ከየካ ወደ እንጦጦ ዳገት ሲወጡ በአሮጌ ግቢዎች አጥር ላይ የሚታየው ቁልቋልም ቅርንጫፉን እንደ መቅረዝ ሽቅብ ደርድሮ እስከ 10 ሜትር ስለሚያድግ፣ ዛሬ ዛሬ እሱንም «ካክተስ» የሚለው በዝቷል። መልክ ያሳስታል እንጂ ዝምድና የላቸውም።

ካክተስ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። የትግራዩ በለስ እንኳ ከዚያ የመጣ እንግዳ ነው። ቁልቋል ግን የአገር ተወላጅ ነው፤ ዘመዶቹም ቅንጭብና በገና ሰሞን ቅጠሉ የሚቀላው የግቢ አበባ ናቸው። ውቅያኖስ የለያቸውን ሁለቱን ተክሎች ያመሳሰላቸው የውሃ እጦት ነው። ሁለቱም ቅጠል ትተው ግንዳቸውን አረንጓዴ አደረጉ፣ ውሃቸውን እዚያው አጠራቀሙ፣ የመተንፈሻ ቀዳዳቸውንም ፀሐይ ስትጠልቅ መክፈት ለመዱ።

ለመለየት እሾሁን ቀረብ ብሎ ማየት ነው። የካክተስ እሾህ ከአንዲት ትንሽ ጸጉራም ጉብታ በእቅፍ ይወጣል፤ የቁልቋል ግን በግንዱ ሸንተረር ጠርዝ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሰለፋል። ከሁሉ የሚያጋልጠው ደግሞ ወተቱ ነው። ቁልቋል ትንሽ ሲቧጨር ነጭ ፈሳሽ ያንጠባጥባል። «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ንፋስ በመጣ ቁጥር የአጋሙ እሾህ ይወጋዋል። ተረቱን የፈጠረው ሰው አጥሩን በደንብ ያየ ነበር ማለት ነው።

ስሙም ቢሆን ከአገር የወጣው ቀደም ብሎ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ተክሉን ከነሥዕሉ ሲያስተዋውቅ «ኮልኳል» ብሎ ነው የጻፈው። በዓመቱ ግመሊን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ «ዩፎርቢያ አቢሲኒካ» የሚል የሳይንስ ስም አወጣለት። ሳጉዋሮ ይበልጥ ይገርማል፤ የሳይንስ ስሙ በ1908 የተሰጠው ለብረት ከበርቴው ለአንድሩ ካርኔጊ መታሰቢያ ነው። ቁልቋል የአገሩን ስም በመያዙ የተሻለ ዕድል የገጠመው ይመስለኛል።

ለአጥርነት የሚመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከብት አይደፍረውም፣ የተቆረጠ ቅርንጫፉም ቁስሉ እስኪደርቅ ቆይቶ ቢተከል ሥር ይሰዳል። አሮጌ አጥር አፍርሶ ግንብ የሚሠራ ሰው ግን ጓንትና መነጽር ያድርግ። ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ከገባ እስከ ማሳወር ስለሚደርስ፣ ሳይታሽ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።