ሃቫና እንግዳ በሚሳሳበት ወቅት፦ ከመንገድ ደላላ እንዴት እንጠበቅ?

የዩኒቨርሲቲዎች ረጅም ዕረፍት የሚውለው በበጋው ሙቀት ወራት በመሆኑ፣ ወደ ካሪቢያን ባሕር ለመሄድ ዕድል የሚያገኝ ተማሪ ሃቫናን የሚያያት ሌላው ጎብኚ በሚሸሻት ጊዜ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሜይ እስከ ኦክቶበር ሙቀቱና ዝናቡ ይበረታል፤ የማዕበሉም ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይዘልቃል። የመኝታ ዋጋ የሚቀንሰው በዚሁ ጊዜ ስለሆነ ወቅቱ ለተማሪ ኪስ የሚመች ይመስላል። ይሁን እንጂ ርካሹ ወቅት የራሱ የሆነ ጠባይ አለው። ይህ ጽሑፍ ያንን ጠባይ አስረድቶ፣ ከትንሽ አበል ተቆጥቦ የተያዘ ገንዘብ በከንቱ እንዳይባክን የሚረዱ ነጥቦችን ያቀርባል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የችግሩን ምንጭ እንመልከት። በ2018 ኩባን ወደ 4.7 ሚሊዮን የሚሆኑ እንግዶች ጎብኝተዋታል። በ2024 ግን ቁጥሩ ወደ 2.2 ሚሊዮን ወርዷል። እንግዳው በግማሽ ሲቀንስ ከእንግዳ የሚኖረው ሰው ሆድ በግማሽ አልቀነሰም። እንግዳ በሚበዛበት በጃንዋሪ አንድ የመንገድ ደላላ ከብዙ ጎብኚዎች መካከል ይመርጣል፤ በሴፕቴምበር ግን ብዙ ደላሎች አንድ ጎብኚ ይጠብቃሉ። ስለዚህ በኦቢስፖ መንገድ ወይም በማሌኮን የባሕር ዳርቻ ብቻውን የሚዘዋወር ሰው በየእርምጃው ሰላምታ ቢቀርብለት ሊደነቅ አይገባም።

ኩባውያን እንዲህ ያለውን ሰው «ሒኔቴሮ» ይሉታል፤ ትርጉሙ ጋላቢ ማለት ነው። ፈረሱ እንግዳው መሆኑ ነው። ሒኔቴሮ በአብዛኛው ኪስ አውላቂ ወይም ቀማኛ አይደለም። ሥራው ድለላ ነው። ደመወዙን የሚከፍለው እኛን የወሰደበት ቤት፣ ሱቅ ወይም መጠጥ ቤት ሲሆን፣ ያ ክፍያ ተመልሶ በእኛ ሒሳብ ላይ ይጨመራል። ይህን አሠራር የተረዳ ሰው ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ዘዴዎች ሁሉ በቀላሉ ይለያቸዋል፤ መልካቸው ቢለያይም ሥራቸው አንድ ነውና።

1ኛ/ የመኝታ ነገር። በኩባ የግል ቤት ክፍል ለእንግዳ ማከራየት ከ1997 ጀምሮ በፈቃድ የሚሠራበት ነው፤ «ካሳ ፓርቲኩላር» ይባላል። ሻንጣ ይዘን ስንደርስ አንድ ሰው ቀርቦ «የምትፈልጉት ቤት ሞልቷል»፣ ወይም «ቧንቧው ፈንድቶ ተዘግቷል» ብሎ ወደ ሌላ ቤት ሊወስደን ይችላል። እንግዳ በጠፋበት ወቅት ቤቱ ሞልቷል መባሉ ራሱ ሊያጠራጥረን ይገባል። መፍትሔው ደጁን ራስ አንኳኩቶ ባለቤቱን መጠየቅ ነው። ያለ ደላላ የመጣ ተከራይ በዚህ ወቅት ዋጋ ለመከራከር አቅም አለው።

2ኛ/ የገንዘብ ነገር። ኩባ ከ1994 ጀምሮ በሁለት ዓይነት ፔሶ ትገበያይ ነበር። ከሁለቱ አንዱ፣ «ፔሶ ኮንቨርቲብሌ» የተባለው፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተሽሯል፤ ዛሬ ከወረቀትነት ያለፈ ዋጋ የለውም። ሆኖም የአገሩን ገንዘብ የማያውቅ እንግዳ ሲገኝ ይህ ወረቀት በመልስ መልክ ሊሰጠው ይችላል። መለያው ቀላል ነው፤ በሚሠራው ፔሶ ላይ የጀግኖቹ ፊት ተስሏል፣ በተሻረው ላይ ግን ያለው የጀግኖቹ ሐውልት ነው። መንገድ ላይ መመንዘር ከሕግ ውጭ ከመሆኑም በላይ፣ በጥድፊያ ተቆጥሮ የተሰጠ ገንዘብ ጎድሎ ቢገኝ አቤት የሚባልበት የለም። ስለዚህ በባንክ ወይም «ካዴካ» በሚባሉት የምንዛሪ ቤቶች መመንዘር፣ ከመስኮቱም ሳይርቁ መቁጠር ያስፈልጋል።

3ኛ/ የሲጋር ነገር። «ዛሬ የፋብሪካው ሠራተኞች ድርሻቸውን በግማሽ ዋጋ የሚሸጡበት ቀን ነው፤ ነገ የለም» የሚለው ወሬ በሃቫና የቆየ ነው። የሚገርመው ይህ «ዛሬ» ዓመቱን ሙሉ መዋሉ ነው። በሳጥኑ ላይ የታወቀ ስም ቢጻፍም ውስጡ የተሞላው ብዙ ጊዜ ተራ ቅጠልና የትንባሆ ጥራጊ ነው። እውነተኛው ሳጥን የታሸገና የመንግሥት አረንጓዴ ማኅተም ያለበት ሲሆን፣ ደረሰኝ ከሚሰጥ መደብር ይገዛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ «አሁኑኑ ካልሆነ» የተባለበትን ግዢ መተው ይሻላል።

4ኛ/ የወተት ነገር። ልጅ የታቀፈች ሴት ገንዘብ አልፈልግም፣ ለሕፃኑ የዱቄት ወተት ግዙልኝ ብላ ወደምታውቀው ሱቅ ትወስደናለች። ዋጋው ውድ ነው፤ ቢሆንም እንከፍላለን። እኛ ከሄድን በኋላ ቆርቆሮው ወደ መደርደሪያው ይመለሳል፣ ገንዘቡንም ከባለሱቁ ጋር ይካፈላሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የወተት እጥረቱ ራሱ ውሸት አይደለም፤ በ2024 የኩባ መንግሥት ለሕፃናት ወተት የዓለም ምግብ ፕሮግራምን እርዳታ እስከ መጠየቅ ደርሷል። ማታለሉ የቆመው በእውነተኛ ችግር ላይ ነው። መርዳት የሚፈልግ ሰው ሳሙና፣ እርሳስ ወይም የዱቄት ወተት ከሚኖርበት አገር ይዞ ሄዶ፣ ላረፈበት ቤተሰብ ወይም ለጎረቤቶቻቸው በእጁ ቢሰጥ ስጦታው ከታሰበለት ሰው ይደርሳል።

5ኛ/ የታክሲና የምግብ ቤት ነገር። አሮጌዎቹ የአሜሪካ መኪናዎች ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራሉ። አንዳንዶቹ በታወቀ መሥመር ሰው እየጫኑ በትንሽ ዋጋ ይሄዳሉ፤ ሌሎቹ ለብቻ የሚከራዩ ናቸው። ባዶ መኪና ውስጥ ዝም ብሎ የገባ እንግዳ የብቻ ኪራይ ሊጠየቅ ይችላል። ከመሳፈራችን በፊት ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የገንዘቡን ዓይነት መስማማት አለብን፤ «አምስት» የተባለው በመጨረሻ አምስት ዶላር ሆኖ እንዳይገኝ። በምግብ ቤትም ዋጋ የተጻፈበት ዝርዝር ሳይቀርብ አለማዘዝ ነው። «ዛሬ ትልቅ የሙዚቃ በዓል አለ» ብሎ ወደ መጠጥ ቤት የወሰደን ሰው የጠጣውም በእኛ ሒሳብ እንደሚገባ አንርሳ።

ሌላም አለ። «ሙዚየሙ መብራት ስለሌለ ተዘግቷል» የሚባለው ወሬ የሚታመነው ብዙ ጊዜ እውነት ስለሚሆን ነው፤ በኦክቶበር 2024 የአገሪቱ መብራት በሞላ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ መንገደኛው የነገረንን ይዘን ከመመለስ ከበሩ ደርሰን ማየት ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ አለ። ብዙዎቻችን መልካችን ከአገሬው ሰው ስለማይርቅ አፋችንን እስክንከፍት ድረስ ብዙም አንታወቅ ይሆናል። «ኢትዮጵያ» ካልን በኋላ ግን «አጎቴ በኦጋዴን ተዋግቷል፤ ኑ፣ ለወዳጅነታችን አንድ እንጠጣ» የሚል ሊገጥመን ይችላል። ይህንን ውሸት ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። በ1977 እና በ1978 ከ15 ሺህ የሚበልጡ የኩባ ወታደሮች ወደ አገራችን መጥተዋል፤ የመጨረሻዎቹም የወጡት በ1989 ነው። ለወደቁት የመታሰቢያ ሐውልት፣ ትግላችን የሚባለው፣ አዲስ አበባ ቆሟል። በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችም በኩባ፣ የወጣቶች ደሴት በምትባለው ስፍራ፣ ተምረዋል። እንግዲህ ወሬው እውነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ደላላውም የሚጠቀምበት ለዚሁ ነው።

ታዲያ እውነተኛውን ዘመድ ከደላላው በምን እንለይ? ሰውየው መዋሸት አለመዋሸቱን መመርመር አያዋጣም፤ ያልዋሸም ሰው ሊደልል ይችላል። ይልቁንስ ሦስት ጥያቄዎችን ለራሳችን እናቅርብ። የምንሄድበትን ቦታ የመረጠው ማን ነው? ለምን አሁኑኑ መሆን አስፈለገ? በመጨረሻ የሚከፍለው ማን ነው? መልሱ «እሱ መረጠ፣ ዛሬ ብቻ ነው፣ ከፋዩ እኔ ነኝ» ከሆነ በትሕትና አመስግኖ መለየት ይገባል። ጥርጣሬ ካደረብን ደግሞ ቦታውንና ሰዓቱን እኛ እንምረጥ፤ «ነገ ጧት ከማረፊያዬ ደጅ ቡና እንጠጣ» እንበለው። ደላላ ኮሚሽን ወደሌለበት ቡና አይመጣም። ጅጅጋን ወይም ሐረርን በእውነት የሚያስታውስ ሽማግሌ ግን ይመጣል፤ እንዲህ ያለውን ሰው በጥርጣሬ ብቻ አባርረን ብንመለስ ጉዳቱ ከጥቂት ዶላር የከበደ ነው።

በመጨረሻም የዕለት ወጪን ከዋናው ገንዘብ ለይቶ መያዝ፣ ፓስፖርትን በማረፊያ ቤት ቆልፎ ቅጂውን ይዞ መውጣት፣ የሚያሳስብ ነገር ሲገጥም አስቀድሞ ያረፉበትን ቤት ባለቤት ማማከር ጠቃሚ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና፣ የቀኑን ዋጋ ከእነርሱ የተሻለ የሚነግረን የለም። ከዚያ የተመለሱ ወንድሞችና እኅቶችም ያዩትንና የከፈሉትን ዋጋ ለማኅበሩ ጽፈው ቢያስረክቡ ለሚቀጥለው ተጓዥ ትልቅ እርዳታ ይሆናል።