ሲሚንቶ የማይጠግነው ግድግዳ

ከከሚሴ በስተደቡብ፣ በኢፋት ተረተሮች ላይ ጣሪያቸው ከፈረሰ ዘመናት ያለፏቸው የድንጋይ መስጊዶች አሉ። ፍራንሷ ዣቪየ ፎቬልና ቤርትራን ሂርሽ የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ በዚህ አካባቢ የሚገኙትን አስባሪ፣ ኖራና መሳል የተባሉ የመካከለኛው ዘመን ከተሞች አስተዋውቀዋል። በጥንታዊቷ የኖራ ከተማ የመስጊዱ ግድግዳ ዛሬም ይታያል። እንዲህ ያለውን ግድግዳ አይቶ ልቡ የማይነካ የለም፤ ለብዙ ሰው ግን ቀድሞ የሚታሰበው ሲሚንቶ ነው።

የጥንታዊ ግንባታ ቁሶች ጥበቃ ሳይንስ የሚጀምረው ሲሚንቶው ከመቦካቱ በፊት ነው። የመጀመሪያ ጥያቄው “ይህ ግድግዳ ከምን ተሠራ?” የሚል ነው። ባለሙያው ከማይታይ ጥግ ጥፍር የምታህል የሞርታር (ድንጋዮቹን የሚያያይዘው ድብልቅ) ቅንጣት ይወስዳል። ግማሹን አሲድ ውስጥ ሲጨምረው ኖራ ካለበት አረፋ እያወጣ ይሟሟል፤ ከሥር የሚቀረው አሸዋ ታጥቦና ደርቆ ይመዘናል። የቀድሞው ግንበኛ ስንት እጅ ኖራ ለስንት እጅ አሸዋ እንደቀላቀለ የሚገመተው ከዚህ ነው። ሌላው ግማሽ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ይሞረዳል። በዚህ መጠን ሲሳሳ ብርሃን ያሳልፋል፤ በማይክሮስኮፕ ሥር የአሸዋው ዓይነት፣ ስንጥቁና ቀዳዳው አንድ በአንድ ይታያል።

ይህ ሁሉ ድካም ያስፈለገው ያልተስማማ ጥገና ከዝናብ የባሰ ስለሚጎዳ ነው። አሮጌ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ በመገጣጠሚያዎቹ በኩልም መልሶ ያስወጣል። ሲሚንቶ ከኖራ ሞርታር ይልቅ ጠንካራ ነው፤ እርጥበትንም በቀላሉ አያሳልፍም። መገጣጠሚያው በእሱ ሲደፈን ውሃው መውጫ አጥቶ በድንጋዩ በኩል ይመጣል። ውሃው ሲተን የተሸከመው ጨው በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይጠጥርና ከውስጥ ይገፋል። ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ የድንጋዩ ፊት እየተላጠ ይረግፋል፤ ሲሚንቶው ግን እንደ አጥር ጎልቶ ይቀራል። ጥንካሬ ሁልጊዜ መድኃኒት አይደለም።

አገራችን ይህን በራሷ ቅርሶች ላይ አይታዋለች። የጎንደር አብያተ መንግሥት በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግነው ነበር፤ ኋላ ላይ የመጡ ጠጋኞች ወደ ኖራ ሞርታር ተመልሰዋል። በላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1954 አብያተ ክርስቲያናቱ በሬንጅና በቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር። ያንን ቅብ የማንሳቱ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ በመራው ጥገና የተሠራ ነው። የዓለቱን ጠባይ በተመለከተ ደግሞ አስፋወሰን አሥራትና ዮዲት አያሌው እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት አለ፤ የላሊበላን ባለ ቀዳዳ ባዛልት፣ ስንጥቆቹንና መበስበሱን ከጂኦሎጂና ከምህንድስና አንጻር መርምረዋል። እኔ ከጥገና በፊት እንዲህ ያለ ሥራ ለኢፋት መስጊዶችም እንዲደርስ አጥብቄ እመኛለሁ።

ቅርስ ሲባል ግን ድንጋይ ብቻ አይደለም። በከሚሴ ዙሪያ በማገር ላይ የተመረገ የጭቃ ቤት አለ፤ ሳይንሱ ለእሱም ቦታ አለው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በእግር እየተረገጠ ለቀናት የሚተወው በከንቱ አይደለም። ጭዱ እየላመ ከአፈሩ ጋር ይዋሃዳል፤ ምርጊቱ ሲደርቅ ደግሞ ቃጫው ይዞት በትልልቁ እንዳይሰነጠቅ ያደርገዋል። በአካባቢው ባለው የጨፋ ሜዳ እንደሚገኘው ያለ ጥቁር ዋልካ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ብቻውን ለምርጊት አይሆንም፣ አሸዋና ጭድ ይፈልጋል።

አፈሩን ለመለየት ቤተ ሙከራ የግድ አያስፈልግም። አንድ ግልጽ ጠርሙስ ሲሶውን አፈር፣ ቀሪውን ውሃ ሞልቶ ጥቂት ጨው ጨምሮ መናጥ፣ ከዚያ ማሳደር ነው። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ከሥር ይዘቅጣል፣ ደለሉ ከላዩ ይተኛል፣ ሸክላው መጨረሻ ላይ ይረጋል። የእያንዳንዱን ንብርብር ቁመት በማስመሪያ ለክቶ ከአሮጌው ምርጊት ከተገኘው ጋር ማነጻጸር የትኛውም የከሚሴ ትምህርት ቤት ተማሪ የሚችለው ሥራ ነው። አዲሱ አፈር በሸክላ ከበለጠ አሸዋ ይጨመርበታል፤ በአሸዋ ከበለጠ ሸክላማ አፈር ይፈለግለታል።